የድሮ ቤት ፊት ሲሚንቶ አይፈልግም

ጥያቄ፦ ቀበና አካባቢ ከአያቴ የወረስነው የጭቃ ቤት አለ። ከታች የድንጋይ መሠረት፣ ከፊት የእንጨት በረንዳ፣ ከቆርቆሮው ጠርዝ ደግሞ ዳንቴል የመሰለ የተቀረጸ ጣውላ አለው። ልስኑ ቦታ ቦታ ላይ ረግፏል፤ ከበረንዳው ምሰሶዎች ሁለቱ አዘንብለዋል። ያነጋገርነው ኮንትራክተር ሁለት ሐሳብ አቀረበ። ወይ ግድግዳውን የዶሮ ሽቦ አልብሶ ሲሚንቶ መለሰን፣ ወይ ፊቱን ብቻ አስቀርቶ ከኋላው ሦስት ፎቅ ማቆም። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ብሩን እልካለሁ ብሏል፤ «ብቻ ዘመናዊ ይሁን» ነው የሚለው። ቤቱ ይድናል? ከየትስ እንጀምር?

ምላሽ፦ ይድናል። የላኳቸውን ፎቶዎች አገላብጬ አይቻለሁ፤ ከዚህ የባሰ ደርሶበት የዳነ ቤት ብዙ ነው። ኮንትራክተሩ ግን ሥራውን ከጭራው ነው የጀመረው። ሰው የድሮ ቤት ሲያይ ዓይኑ የሚያርፈው ፊቱ ላይ ነው፤ ልስኑ፣ ቀለሙ፣ ጣውላው ላይ። ቤቱን የሚገድለው ግን ውሃ ነው። ውሃ ደግሞ በዋናነት የሚገባው በጣሪያውና በእግሩ ነው። የወንድምዎ ብር መጀመሪያ መፍሰስ ያለበት እዚያ ነው። ፊቱ ተራውን ይጠብቅ።

እስቲ ቤቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ትንሽ እናውራ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ወዲህ በነበሩት አሥርት ዓመታት የመኳንንቱም የነጋዴውም ቤት በዚህ መልክ ተሠርቷል። ከታች ድንጋይ ይገነባል። ከላይ ቋሚና ማገር ይቆምና ጭቃ ይመረጋል። ከፊት ወይም ዙሪያውን በረንዳ ይወጣለታል፤ ጣሪያው ሰፊ ክንፍ ይኖረዋል። የአርመንና የህንድ ባለሙያዎች የመስኮቱን ቅርጽ፣ የበረንዳውን አጥር፣ የጠርዙን ጣውላ አመጡ፤ ያገራችን አናጺዎች ተቀብለው የራሳቸው አደረጉት። መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የአዲስ አበባ ሙዚየም፣ የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት የነበረው፣ የዚያ ዘመን ቤት ነው። አንድ ቅዳሜ ይሂዱና በረንዳውን ዞር ዞር ብለው ይዩት።

ይህን የምልዎት ለታሪክ ብዬ ብቻ አይደለም። በዚህ ቤት ላይ ያለው እያንዳንዱ ነገር ሥራ አለው። ሰፊው ክንፍ የጭቃውን ግድግዳ ከዝናብ ይጠብቃል። በረንዳው ያንኑ ያግዛል። ድንጋዩ ጭቃውን ከመሬት ርጥበት ያርቃል። ያ ዳንቴል ጣውላ እንኳ ለጌጥ ብቻ የተሰቀለ አይደለም፤ የወራጆቹን ጫፍ ከዝናብ ይሸፍናል፤ ውሃውም ከሾሉት ጥርሶቹ ላይ ተንጠባጥቦ ከግድግዳው ርቆ ይወድቃል። አንዱን ሲነኩ ሌላውም ይነካል።

እነዚህን ቤቶች ያስረጃቸው ዕድሜ ብቻ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ሲወረስ ብዙዎቹ የቀበሌ ቤት ሆኑ። ኪራያቸው ጥቂት ብር ነበር፤ በዚያ ብር ጣሪያ አይታደስም። ተከራዩ «ቤቱ የመንግሥት ነው» ሲል፣ ቀበሌው «የሚኖርበት ይጠግነው» ሲል ስንት በረንዳ ወደቀ። የእናንተ በቤተሰብ እጅ መቆየቱ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ዛሬውኑ ራስዎ ማድረግ የሚችሉት አንድ ምርመራ አለ። ካቻቢቴ ይያዙና ያዘነበለውን የበረንዳ ምሰሶ ወገብዎ አካባቢ ወጋ ያድርጉት። ጤነኛ እንጨት ጫፉን ይመልሰዋል። ከዚያ ጎንበስ ብለው መሬቱ አጠገብ ይውጉት። ካቻቢቴው ያለምንም ትግል ከገባ፣ ሲያወጡትም ቡናማ ብናኝ ይዞ ከወጣ፣ ምሰሶው ከላይ ጤነኛ ከታች ባዶ ነው ማለት ነው። በፎቶው ላይ የግቢው ሊሾ የምሰሶውን እግር ውጦታል። ድሮ ምሰሶው የሚቆመው ከመሬት ከፍ ባለ የተጠረበ ድንጋይ ላይ ነው። መንገድ በተሠራ ቁጥር፣ ግቢው ጠጠርና ሊሾ በተደረገ ቁጥር መሬቱ ሽቅብ እየመጣ ድንጋዩን ቀበረው። እንጨቱ አፈር ነካ። አፈር የነካ እንጨት ውሃ ይጠጣል፤ ምስጥም መንገዱን ያገኛል።

መድኃኒቱ ቁፋሮ ነው። ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ርቀት ድረስ ሊሾው ይነሳ፤ የመሠረቱ ድንጋይ እንደገና ፀሐይ ይይ። መሬቱ ከቤቱ እንዲሸሽ ተዳፋት ይደረግ፤ ጫፉ ላይ ውሃውን ይዞ የሚሄድ ዲች ይውጣለት። ቁፋሮው ከመሠረቱ በታች እንዳይወርድ አደራ፤ መሠረቱን ማጋለጥና መሠረቱን ማናጋት ለየቅል ናቸው። ከዚያ ጣሪያው በፑንቴሎ ይደገፍና ምሰሶዎቹ በክሪክ ቀስ እየተባለ፣ በየቀኑ በጥቂቱ፣ ይቃኑ። የበሰበሰው እግር ብቻ ተቆርጦ በዚያው ዓይነት እንጨት ይቀጠል። ሙሉ ምሰሶ የሚለወጥበት ምክንያት የለም። ያ ላዩ ላይ ያለው የእጅ ሥራ ሁለተኛ አይገኝም።

ጣሪያው ላይ ብዙ አልልም። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው በክረምቱ ወራት የሚወርድ ነው። ከእነዚያ ወራት በፊት የተበሳው ቆርቆሮ ይቀየር፣ የላላው ሚስማር ይጥበቅ፣ አሸንዳ ይግባለት፤ ካለም ቅጠሉ ይጠረግ። ቆርቆሮው ሁሉ መለወጥ ካለበት የሚገዙት ያው ሞገድ የመሰለው የድሮው ዓይነት ይሁን። ሰፋፊ ጎድን ያለው ባለቀለም ቆርቆሮ ለመጋዘን እንጂ ለዚህ ቤት አይሆንም። «ክንፉን ትንሽ እናሳጥረው፣ ግቢ ይሰፋል» የሚል ሰው ከመጣ ግን ሻይ ጋብዘው ይሸኙት።

ሲሚንቶው ላይ ረዘም ላድርግ፤ ክርክሩ ያለው እዚህ ነው። የዶሮ ሽቦና ሲሚንቶ አዲስ አበባ ውስጥ የተለመደ አሠራር ነው። ኮንትራክተሩ ሊያጭበረብርዎ አስቦ አይደለም። ሲጨርሰው ቤቱ ብሎኬት ይመስላል፤ ለጥቂት ዓመታትም ያምራል። ችግሩ ከውስጥ ነው። ጭቃ ርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይጠባል። በውስጡ ያለው እንጨትም እንደዚያው። ሲሚንቶ ግን ድርቅ ያለ ነው፤ አብሮ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ የጸጉር ያህል ቢቀጥንም ለዝናብ በቂ ነው። የገባው ውሃ ደግሞ በቀላሉ አይወጣም። የጭቃ ልስን ቢሆን ፀሐይ ስትወጣ ርጥበቱ በግድግዳው አልፎ ይተን ነበር። ሲሚንቶው ያፍነዋል። ማገሩ በጨለማ፣ በእርጥብ ጭቃ መሃል ተቀምጦ ይበሰብሳል፤ እናንተ ከውጭ የምታዩት ግን የተቀባ ንጹሕ ግድግዳ ነው። አንድ ክረምት ላይ ልስኑ ከነሽቦው ተገንጥሎ ይወርዳል፤ ከኋላው የምታገኙት ግድግዳ ሳይሆን አፈር ነው።

ካላመኑኝ ሰፈር ውስጥ እንዲህ የተለሰነ ቤት አይጠፋም፤ ባለቤቱን አስፈቅደው ግድግዳውን በጣትዎ አንጓ ያንኳኩት። የያዘው ቦታ ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል። የለቀቀው ቦታ እንደ ባዶ ሣጥን ይጮኻል።

ይህ የጭቃ ቤት ብቻ ጣጣ እንዳይመስልዎ። የጎንደር የነገሥታት ግንቦች በኖራ የተገነቡ ናቸው። በጣልያን ወረራ ጊዜ ሲጠገኑ ሲሚንቶና ኮንክሪት ገባባቸው። በኋላ በዩኔስኮ ድጋፍ በተሠራው ጥገና ተመልሶ ወደ ኖራው ተሄደ። ያን ሁሉ ዘመን የተሻገረ ድንጋይ ሲሚንቶ ካልተስማማው፣ የእናንተን ጭቃ ምን ያድርገው?

ታዲያ በምን ይለሰን? በነበረበት። ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር። ሰው ይህን ሲሰማ «ቀላል ነው» ይላል፤ ከዚያ ጠዋት አቡክቶ ከሰዓት ይለስናል፤ በሳምንቱ ይሰነጠቃል። ጭቃው ከጭዱ ጋር ተቦክቶ ቢያንስ ሳምንት፣ ቢቻል ከዚያ በላይ መክረም አለበት። ውሃ እየተጨመረበት በየጊዜው ይረገጣል። መሽተት ሲጀምር አይደንግጡ፤ ደግ ምልክት ነው። ጭዱ ሲብላላ የሚወጣው ነገር ነው ጭቃውን የሚያጣብቀው። ከመለሰኑ በፊት ጓሮ በኩል ያለ ግድግዳ ላይ ክንድ በክንድ የሚሆኑ ሦስት አራት ሙከራዎች ይሠሩ፤ አንዱ ጭድ የበዛበት፣ አንዱ አሸዋ የተጨመረበት፣ እንዲያ እያለ። ደርቆ ያልተሰነጠቀው፣ በእጅ ሲታሽም ያልረገፈው ያሸንፋል። የእያንዳንዱ ሰፈር አፈር የተለየ ስለሆነ ከእኔ ቀመር ይልቅ ያ ሙከራ ይታመናል።

ከጭቃው በላይ ኖራ። ያልጠፋ፣ ማለትም ገና ውሃ ያላገኘ ኖራ ካገኛችሁ፣ ውሃ ሲነካው ይፈላል፤ ቀልድ አይደለም፤ ዓይን ያጠፋል። መነጽርና ጓንት ሳይኖር አይነካም፤ ልጆችም አካባቢው አይድረሱ። ሁልጊዜ ኖራው ነው ወደ ውሃው የሚጨመረው እንጂ ውሃው ወደ ኖራው አይደፋም። በውሃው ከጠፋ በኋላ ውሃ እንደለበሰ ተከድኖ በቆየ ቁጥር እየተሻሻለ ይሄዳል፤ ወራት ቢቀመጥ ይመረጣል። ለልስን አንድ እጅ ኖራ ከሦስት እጅ አሸዋ ጥሩ መነሻ ነው። የጭቃው ገጽ ኖራውን እንዲይዝ አስቀድሞ ጫር ጫር ይደረግ፤ ኖራውም በስሱ ይመታ። ኖራ እንደ ሲሚንቶ በአንድ ቀን አይጠነክርም። ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ቀስ በቀስ ወደ ድንጋይነት ይመለሳል። ስለዚህ ፀሐይ በቶሎ እንዳታደርቀው እርጥብ ጆንያ ይጋረድበት። ግንበኛው «ይሄ ነገር መቼ ነው የሚያልቀው» ብሎ ያጉረመርማል። ያጉረምርም።

ቀለሙም የኖራ ይሁን፤ በስሱ፣ በተደጋጋሚ። ፕላስቲክ ቀለም የሲሚንቶውን በደል በሌላ መንገድ ይደግመዋል።

ወደዚያ ወደሚወዱት ጣውላ ልምጣ። ምንም ነገር ከመነቀሉ በፊት ፎቶ ይነሳ፤ እያንዳንዱ ጣውላ በነበረበት ቦታ ቁጥር ይሰጠው። ከዚያ ሙሉውን ቅርጽ የያዘ፣ ያልተሰበረ አንድ ጣውላ ይመረጥና ሰፊ ወረቀት ላይ ተዘርግቶ በእርሳስ ይገልበጥ። ወረቀቱ ወደ ኮምፔንሳቶ ይዛወር፤ ያ ተቆርጦ ለአናጺው መለኪያ ይሆናል። በስልክ ፎቶ ብቻ «እንዲህ ዓይነት ሥራልኝ» ከተባለ የሚመጣው ጣውላ ዘመዱ እንጂ እሱ አይደለም። ቅስቱ ይወፍራል፣ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ሲሰቀል ሁሉም ሰው ምን እንደሆነ ሳያውቅ «የሆነ ነገር አለው» ይላል።

የበሰበሱት ብቻ ይለወጡ። ግማሹ ጤነኛ የሆነ ጣውላ ግማሹ ይቀጠል። ለእንጨቱ ከፈረሳ የሚወጣ አሮጌ ጥድ ወይም ዝግባ ቢያገኙ ከአዲስ እንጨት ይሻላል፤ ደርቆ ያበቃለት ስለሆነ አይጣመምም። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲፈርስ ስንቱ ማለፊያ ጣውላ ማገዶ እንደሆነ ሳስብ ይቆጨኛል፤ አሁንም ቢሆን ፈረሳ ሻጮች ጋር ዞር ዞር ማለት ነው። የበረንዳው አጥር ላይ በፎቶው የማየው ባዶ ቦታ ደግሞ አለ። የድሮ ፎቶ ወይም የተረፈ ቁራጭ ካለ በዚያ ይሠራ። ምንም ማስረጃ ከሌለ ተራ ቀጥ ያለ እንጨት ይግባበት እንጂ ከኢንተርኔት የተገኘ ጌጥ አይቀረጽበት። በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣው የቬኒስ ቻርተር፣ የእኛ የቅርስ ጥገና ሙያ የሚመራበት ሰነድ፣ ግምት በሚጀምርበት ቦታ እድሳት ይቁም ይላል።

አሮጌውን ቀለም ሲያነሱ በእሳት አያቃጥሉት፤ በደረቁም በብርጭቆ ወረቀት አይፈግፍጉት። የድሮ የዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ ጭሱና አቧራው በተለይ ለሕፃናት መርዝ ነው። እያረጠቡ ይፋቅ፤ የተፋቀው ተሰብስቦ ይወገድ።

የኮንትራክተሩ ሁለተኛ ሐሳብ፣ ፊቱን ብቻ የማስቀረቱ፣ ድንጋይ ወይም ጡብ ቤት ላይ በብረት ተደግፎ የሚሠራ ነገር ነው። በሌሎች ከተሞችም ብዙ ተሠርቷል። እኔ አልወደውም፤ ግን ይቻላል። በእናንተ ቤት ላይ ግን ጭራሽ አይሠራም። በረንዳው የተንጠለጠለው ጣሪያው ላይ ነው። ጣሪያው የተቀመጠው በማገሩ ግድግዳ ላይ ነው። ግድግዳው ደግሞ በማዕዘኖቹና በመሃል ግድግዳዎቹ ተያይዞ ነው የቆመው። ኋላውን ካፈረሱት ፊቱ ለብቻው አይቆምም። በተግባር የሚሆነው፣ ሁሉም ይፈርስና ከፎቁ ፊት ለፊት በኮንክሪት ተመስሎ የተሠራ በረንዳ ይለጠፋል። ያ ደግሞ የአያትዎ ቤት አይደለም።

ወንድምዎን «አይሆንም» ብቻ አይበሏቸው። ዘመናዊ ሲሉ ብዙውን ጊዜ ሰው የሚፈልገው ሙቅ ውሃ፣ ንጹሕ መታጠቢያ፣ የሚያስተማምን መብራት ነው። እሱ ሁሉ ይቻላል። ሻወሩና ኩሽናው ጓሮ ባለው ሰርቪስ በኩል በብሎኬት ይሠራ፤ በጭቃ ግድግዳ ውስጥ የውሃ ቱቦ አይቀበር። ቱቦ አንድ ቀን ያፈሳል፤ ብሎኬት ይችለዋል፣ ማገር አይችለውም። የመብራት መስመሩ ግን ሳይውል ሳያድር ይቀየር። የእነዚህ ቤቶች ኮርኒስ ብዙ ጊዜ አቡጀዲ ወይም ጆንያ ነው፤ በላዩ የዘመናት አቧራ፣ ከዚያ በላይ የተላጠ ሽቦ። ጥር 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴልን ያገኘው እሳት የድሮ የእንጨት ቤት እንዴት በቶሎ እንደሚያያዝ አሳይቶናል። ሽቦው በቱቦ ይግባ፤ ብሬከር ይደረግለት፤ እሳት ማጥፊያም በረንዳው አጠገብ ይሰቀል።

የወረቀቱ ጉዳይ አለ። ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቦ እንደሆነ መጀመሪያ የአዲስ አበባ ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮን ይጠይቁ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ የሆነ ቤት የሚጠገነው የአገሪቱ የቅርስ ባለሥልጣን አስቀድሞ ሲፈቅድ ነው። ቅርሱን መንከባከብ የባለቤቱ ግዴታ ቢሆንም፣ ወጪው ከአቅም በላይ ሲሆን መንግሥት የተወሰነውን ሊሸፍን እንደሚችልም አዋጁ ይላል። «ሊሸፍን ይችላል» ነው እንግዲህ፤ ተስፋ አድርገው ጣሪያውን እንዳያቆዩ። ካልተመዘገበ ለማስመዝገብ ያመልክቱ። «ከተመዘገበ እጃችን ይታሰራል» የሚል ዘመድ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ እውነትም አለው። ግን ያልተመዘገበ ቤት ልማት በመጣ ጊዜ ተከራካሪ የለውም። ክፍለ ከተማው ላይም ቦታው በመሪ ፕላኑ ለምን እንደተመደበ ከአንድ ብር ወጪ በፊት ይጣራ።

ጊዜውን በተመለከተ፦ ጣሪያው፣ ቁፋሮውና ድጋፉ ከሰኔ በፊት ይለቁ። አንድ ክረምት ይለፍበት፤ ውሃው የት እንደሚሄድ በዓይንዎ ያዩታል። ልስኑ መስከረም አልፎ፣ ግድግዳው ከደረቀ በኋላ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ይሠራ። ጣውላውና ቀለሙ በበጋው ይከተሉ። ወንድምዎም ብሩን በአንድ ጊዜ ከመላክ ይገላገላሉ።

ኮንትራክተሩን አያባርሩት። በኖራ የሠራ ግንበኛና ቅርጽ የሚያወጣ አናጺ ማምጣት ይችል እንደሆነ ይጠይቁት፤ ከቻለ ያው እሱ ይሥራው። ውሉ ላይ ግን ሦስት ነገር በግልጽ ይጻፍ፦ ከመሠረት በላይ ሲሚንቶ እንደማይነካ፣ ማንኛውም የተነቀለ ጣውላ ሳያሳይዎ ከግቢ እንደማይወጣ፣ የልስኑ ክፍያ የሚለቀቀው ጓሮ ያለው የሙከራ ግድግዳ ደርቆ ከታየ በኋላ እንደሆነ። ሦስተኛዋን አልፈርምም ካለ ሌላ ሰው ይፈልጉ።